አሎይ ቸርኬ ካስገጠምኩ በኋላ ከ80 በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባላንሱ ዜሮ ሆኖ ሳለ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

ጠያቂ፦ ሳቢያን ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሲሆን የምነዳው መኪና የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ ነው። በሥራዬ ምክንያት ወደ ሐረር አዘውትሬ እመላለሳለሁ። በቅርቡ ከፋብሪካ የመጣውን ባለ 14 የብረት ቸርኬ አውልቄ ያገለገለ ባለ 15 አሎይ ቸርኬ ከነጎማው ገዝቼ አስገጥሜአለሁ። ቸርኬው ቶዮታ ራሱ የሠራው ሳይሆን ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ሌላ አምራች ያወጣው ነው። ጀርባው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ 15 በ6½ ጄ (ቁመቱና ስፋቱ በኢንች)፣ ኢቲ 38 (ኦፍሴቱ፣ ማለትም መኪናው ላይ የሚቀመጠው ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል የሚርቅበት ሚሊ ሜትር)፣ 4 በ100 (አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ) እና 73.1 (የመሃል ቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር) ይላል። የድሮው የብረት ቸርኬ ላይ ያለው ደግሞ 14 በ5½ ጄ እና 45 (ኦፍሴቱ) የሚል ነው። የአሁኑ ጎማ ቁጥር 185/55/15 ሲሆን የቀድሞው 175/65/14 ነበር።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ ስነዳ ምንም አይሰማኝም። ደንገጎን ወጥቼ ወደ ሐረማያ በሚወስደው ሜዳ ላይ ፍጥነቴ 80 ሲደርስ ግን መሪው ግራና ቀኝ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 90 አካባቢ ይብሳል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ፍሬን ስይዝ አይጨምርም። በብረቱ ቸርኬ ስነዳ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ አራቱንም ባላንስ አስደርጌአለሁ፤ ማሽኑ ዜሮ ማሳየቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ባለሙያ አላይመንት ነው ሲለኝ ሌላው ደግሞ የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ ስለሚሰፋ ቀለበት ያስፈልገዋል አለኝ። የቱን ልመን? ቀለበቱ የሚያስፈልግ ከሆነስ እዚሁ ድሬዳዋ ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል ወይስ የግድ ተሠርቶ የሚመጣውን መፈለግ አለብኝ? ይህ መኪና ቤተሰቤን ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ስለሆነ በግምት መቀጠል አልፈልግም።

መላሽ፦ የመጋላ ቶርኖ ቤት

ጤና ይስጥልኝ። የቸርኬውን ቁጥሮች ሁሉ ጽፈው ስላቀረቡልን መላ መምታት አያስፈልገንም።

በቅድሚያ አላይመንቱን እናንሳ። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማውን በአንድ በኩል ይበላል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም መሪው ጠመም ብሎ ይቆማል እንጂ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ መጥቶ የሚሄድ መንቀጥቀጥ አያመጣም። ቸርኬ ከተቀየረ በኋላ ማስለካቱ አይከፋም፤ ለዚህ ችግር ብለው ግን ገንዘብዎን አያውጡበት። ፍሬን ሲይዙ አለመጨመሩም ዲስኩን ከጥርጣሬ ያወጣዋል፤ ዲስኩ ውፍረቱ የተዛባ ቢሆን ኖሮ ከደንገጎ ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬን በረገጡ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሚቀረው እንግዲህ ቸርኬው ራሱ፣ ጎማው፣ ወይም ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው አካል) ላይ የተቀመጠበት ሁኔታ ነው። ይህን ለመለየት ወጪ የሌለው መንገድ አለ። የብረት ቸርኬዎቹ ቤትዎ ካሉ ሁለቱን ፊት ላይ ብቻ መልሰው ያስሩና በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ይንዱ። የሁለቱ ጎማዎች ቁመት 583 እና 584 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሙከራ ያህል ፊትና ኋላ መለያየታቸው አያሳስብም። መንቀጥቀጡ ከጠፋ ሞዞው፣ ኩሽኔታው፣ አሞርዛተሩና የመሪው መገጣጠሚያዎች ሁሉ ደኅና ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ባላንሱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ዜሮ ማሳየቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የባላንስ ማሽን ቸርኬውን የሚይዘው በመሃል ቀዳዳው ውስጥ ሾጣጣ ብረት አስገብቶ ነው፤ ስለዚህ ጎማው የሚሽከረከረው በ73.1ቱ ቀዳዳ እምብርት ላይ ነው። መኪናው ላይ ሲታሰር ግን ያንን ቀዳዳ የሚነካው ነገር የለም። የቪትዝ ሞዞ መሃል ላይ ወጣ ያለ ክብ ከንፈር አለው፤ ስፋቱም 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የፋብሪካው የብረት ቸርኬ ቀዳዳም ያው 54.1 ስለሆነ ቸርኬው ገና ሲገባ መሃሉን ያገኛል፤ የዳዶው ሥራ ማጥበቅ ብቻ ይሆናል። በእርስዎ ቸርኬና በሞዞው መካከል ግን ዙሪያውን 9.5 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ አለ፤ መሃሉን እንዲፈልጉ የተተዉት አራቱ ዳዶዎች ብቻ ናቸው። አምራቾቹ ቀዳዳውን የሚያሰፉት አንዱ ቸርኬ ለብዙ መኪና እንዲሆን ነው። 4 በ100 የሆነ የብሎን ክብ ቪትዝም፣ ሆንዳ ፊትም፣ ሬኖ ሎጋንም ላይ አለ፤ የሞዞው ስፋት ግን በቅደም ተከተል 54.1፣ 56.1 እና 60.1 ነው።

ጥቂት መዛነፍ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ላሳይዎት። ቸርኬው ከነጎማው 15 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ መሃሉን በ0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስቶ ቢታሰር በቸርኬው ጠርዝ ላይ ወደ 24 ግራም የሚጠጋ የባላንስ እርሳስ ያለአግባብ እንደመለጠፍ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ይህ መጠን ያለው ጎማ በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ያ ክብደት በየዙሩ ሞዞውን ይመታዋል። የፊት እግሩ ከነአሞርዛተሩ በባሕርይው የሚርገበገበውም ከዚህ ብዙም ባልራቀ ድግግሞሽ ስለሆነ ሁለቱ ሲገጣጠሙ መንቀጥቀጡ ገንኖ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ሲያልፍ ይለያዩና ይበርዳል። የገለጹት የ80፣ የ90 እና ከዚያ በላይ ያለው ሁኔታ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ቀለበቱን ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል። ውጭ 73.1፣ ውስጥ 54.1 የሆነ ተሠርቶ የሚመጣ ካገኙ መልካም ነው፤ ካላገኙ ከአሉሚኒየም ይቆረጣል። ነገር ግን ለቶርኖ ሠሪው ቁጥሩን ከወረቀት አንብበው አይስጡት። አንድ ሞዞና አንድ ቸርኬ ይዘው ይሂዱ፤ ወይም መኪናውን ያቅርቡና ዝገቱ ከተጠረገ በኋላ በካሊፐር በሁለት አቅጣጫ ይለካ፤ ያገለገለ ሞዞ ከ54.1 ጥቂት ሊያንስ፣ የቸርኬው ቀዳዳም በቀለም ምክንያት ሊጠብ ይችላል። ቀለበቱ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ሲነቀንቁት ግን የማይንገጫገጭ መሆን አለበት።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ግን የሚከተለውን ነው። የቀለበቱ የውስጥ ቀዳዳና የውጭ ዙሪያው በአንድ አያያዝ፣ ብረቱ ከቶርኖው መያዣ ሳይፈታ መቆረጥ አለባቸው። አንዳንዱ ውስጡን ይቆርጥና ፈትቶ ገልብጦ ውጩን ይቆርጣል፤ በዚያ ጊዜ የሁለቱ ክቦች መሃል ይለያያል። እንዲህ ያለው ቀለበት ልኩ በካሊፐር ሲታይ ትክክል ሆኖ ሳለ ቸርኬውን ከመሃል አውጥቶ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ዳዶውም ሊያስተካክለው አይችልም፤ ስለዚህ ቀለበት ከሌለው ይብሳል። ውፍረቱም ከሞዞው ከንፈር ቁመት እንዳይበልጥ፤ የውስጥ ጠርዙም በሞዞው ከንፈር ሥር ባለው ማዕዘን ላይ ተደግፎ ቸርኬው ፊቱን እንዳያገኝ ጥቂት ተሸራርፎ ይሠራ።

ስለ ኦፍሴቱ አልጠየቁም፤ ቢሆንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከ5½ ኢቲ 45 ወደ 6½ ኢቲ 38 ሲቀየር የቸርኬው ውጫዊ ጠርዝ 19.7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ውስጣዊው ጠርዝ ደግሞ 5.7 ሚሊ ሜትር ወደ አሞርዛተሩ ይጠጋል። መንቀጥቀጡ ከዚህ አይመጣም። ይሁንና ሰው ሞልቶ ሲጫን ከኋላ ፓራፋንጎ ጋር እንዳይፋተግ፣ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞርም ከውስጥ የሚነካው ነገር እንዳይኖር ይመልከቱ።

መላሽ፦ ሸዋ በር፣ ሐረር

የመጋላው ባለሙያ ያቀረቡት ማብራሪያ ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ቀለበቱን በአንድ አያያዝ ስለመቁረጥ ያሉትን እያንዳንዱ ቶርኖ ቤት ግድግዳው ላይ ቢጽፈው መልካም ነበር። እኔ የምጨምረው ሰዎች ስለ ቀለበት ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነገር ነው።

ቀለበቱ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው የቸርኬው ጀርባና የሞዞው ፊት በዳዶዎቹ ኃይል ተጣብቀው የሚፈጥሩት ሰበቃ ነው። ቀለበቱ የሚጠቅመው ቸርኬው በሚታሰርበት ጊዜ መሃሉ ላይ ይዞ እንዲቆይ ነው፤ ዳዶዎቹ ከጠበቁ በኋላ ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ካልተስተካከሉ ቀለበት ብቻውን አያድንም፤ እነሱም የሞዞው ፊት ንጽሕናና የዳዶው ዓይነት ናቸው።

የሞዞውን ፊት በሚመለከት፣ ጎማው ከወጣ በኋላ በመሃሉ ከንፈር ሥር ዙሪያውን የተጋገረ ዝገት እንዳለ ይመልከቱ። የብረት ቸርኬ ስስ ስለሆነ ያ ዝገት አያስቸግረውም፤ የአሎይ ቸርኬ ጀርባ ግን ወፍራምና ደልዳላ ስለሆነ በአንድ በኩል የቀረ የዝገት ቅርፊት ቸርኬውን አጋድሎ ያስቀምጠዋል። ሞዞው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጉብታ ወደ ጎማው ጠርዝ ሲደርስ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉት፤ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። የቸርኬውን ጀርባም እንዲሁ ያድርጉ፤ ያገለገለ ቸርኬ እንደገና ቀለም ሲቀባ ብዙ ጊዜ ሞዞውን የሚነካው ፊትና የዳዶው መቀመጫ ጭምር በወፍራም ቀለም ይሸፈናል። ያ ቀለም ከጊዜ በኋላ እየተጨፈለቀ ስለሚሳሳ ዳዶው ይላላል።

የዳዶውን ዓይነት በሚመለከት፣ ሦስት ዓይነት መቀመጫ አለ። አንደኛው 60 ዲግሪ የሆነ ሾጣጣ፣ ሁለተኛው እንደ ኳስ የተሞለሞለ፣ ሦስተኛው ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ነው። ከፋብሪካ ውጭ የሚሠሩ አሎይ ቸርኬዎች አብዛኛዎቹ ሾጣጣውን ይፈልጋሉ። የሆንዳ የፋብሪካ ዳዶ ኳስ ነው፤ ብዙ የቶዮታ የፋብሪካ አሎዮች ደግሞ ባለ ሮንዴላውን ይጠቀማሉ። ያገለገለ ቸርኬ ሲገዛ አብሮ የሚሰጠው ዳዶ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ኳስ ዳዶ በሾጣጣ መቀመጫ ውስጥ ሲታሰር የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ የጠበቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ቸርኬውን ወደ መሃል አይጎትተውም፤ ሲውል ሲያድርም ይላላል። አንዱን ዳዶ ፈትተው መቀመጫውን በብርሃን ቢመለከቱ ያበራው ክፍል ሰፊ ቀበቶ ነው ወይስ ቀጭን መስመር የሚለው ወዲያው ይታወቃል። የቪትዙ የብረት ቸርኬ ዳዶ ሾጣጣ ስለሆነ እሱን መጠቀም ይችላሉ፤ ሆኖም አሎዩ ከብረቱ ስለሚወፍር ዳዶው በቂ ጥርስ መያዙን ያረጋግጡ። ልማዱ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መግባት አለበት የሚል ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 የጥርስ ርቀት ላለው ብሎን ይህ 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው።

አስተሳሰሩም እንደዚሁ ያስፈልጋል። ጎማው አየር ላይ ሳለ አራቱንም ዳዶ በእጅ ያስገቡ፤ ከዚያ በመፍቻ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ቀስ በቀስ ያጥብቁ፤ በየመሃሉም ጎማውን ጥቂት ያዙሩት። ክሪኩ ወርዶ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ የመጨረሻውን ኃይል ይስጡ። ሳይጠብቅ መሬት ላይ ከወረደ የመኪናው ክብደት ሞዞውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ቀለበት ከሌለ በተለይ መሃሉን እንደሳተ ይታሰራል። የእርስዎም ችግር ግማሹ ከዚህ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መኪና የተመደበው ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች የሌለው ሰው ክንዱ 35 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል እንደመጫን አድርጎ ይቁጠረው። በእግር መርገጥ ወይም ቱቦ ማስረዘሚያ መሰካት ብሎኑን ይስባል፤ በአየር ሽጉጥ መጨረስም ዲስኩን ሳይቀር ያጣምማል። የብሎኑ ጥርስና የዳዶው መቀመጫ ላይ ግራሶ አይቀባም፤ ከተቀባ በዚያው ኃይል ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሽ፤ ድሬ ሐረር ደርሶ መልስ ለዚህ የሚበቃ ርቀት ነው።

ስለ ቀለበቱ ቁስ አንድ ሐሳብ ልስጥ። የፕላስቲኩ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ይህ ቁስ 147 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው በቂ ነው፤ እንዲያውም ሞዞው ላይ ስለማይጣበቅ ይመረጣል። ነገር ግን ደንገጎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ሞዞው ምን ያህል እንደሚግል እጁን ያስጠጋ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ መንገድ የማይለይ መኪና የአሉሚኒየሙን ቢይዝ እመርጣለሁ፤ እንዳይጣበቅም ከንፈሩ ላይ ብቻ በጣት ጫፍ የተወሰደ ስስ ግራሶ ይቀባ። የትኛውም ቀለበት ይሁን ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እንዲይዝ አድርጎ መውረድን የሚተካ ነገር የለም።

መላሽ፦ የዲዛየር ሹፌር፣ ድሬዳዋ

በጉዳዩ ላይ ልግባና፣ እኔ የምሠራው በሱዙኪ ዲዛየር ነው። የእኔም 4 በ100 ስለሆነ አንድ ወዳጄ የቪትዝ አሎይ ከነዳዶው ሊሰጠኝ ፈቅዷል። ከላይ በተጻፈው መሠረት የመሃል ቀዳዳው ከተስማማ ያለ ቀለበት መግጠም እችላለሁ ማለት ነው?

መላሽ፦ የመጋላ ቶርኖ ቤት

የዲዛየር ሞዞም 54.1 ስለሆነ የቶዮታ የፋብሪካ አሎይ ከሆነ ያለ ቀለበት መሃሉን ይይዛል። ዳዶውን ግን እባክዎ አይቀበሉ። የቶዮታ ብሎን 12 በ1.5 ሲሆን የሱዙኪ 12 በ1.25 ነው። ውፍረታቸው አንድ ስለሆነ የቶዮታው ዳዶ በእጅ አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ያታልላል፤ ከዚያ በመፍቻ ሲገፋ የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ጥርሱ የተበላ ብሎን የጠበቀ መስሎ ቆይቶ መንገድ ላይ ይለቃል። የራስዎን 1.25 ዳዶ ይያዙ፤ መቀመጫው ከቸርኬው ጋር የሚስማማ መሆኑንም ሸዋ በር በጻፉት መንገድ ይመልከቱ።

በዚህ አጋጣሚ ሌላ ነገር ላስጠንቅቅ። ከፊያት የመጣ 4 በ98 ቸርኬ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አስፍቶ ለ4 በ100 መግጠም አይገባም። ልዩነቱ ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢመስልም የዳዶው መቀመጫ ስለሚበላሽ ምንም ቀለበት አያድነውም። እንዲህ ያለ ሥራ ወደ ቤታችን ሲመጣ አንቀበልም።

ጠያቂ፦ ሳቢያን ሰፈር

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝን ምክር በቅደም ተከተል ሠርቼ ውጤቱን አቀርባለሁ።

የብረት ቸርኬዎቹን ፊት ላይ መልሼ በዚያው መንገድ ስነዳ መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አሎዮቹን ለመመለስ ስፈታ የግራ ፊት ሞዞ ከንፈር ሥር በአንድ በኩል ብቻ የተጋገረ ዝገት አገኘሁ፤ በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ወደቀ። ዳዶዎቹን ደርድሬ ስመለከት ደግሞ ከሻጩ አብረው ከተሰጡኝ መካከል የተወሰኑት ሾጣጣ፣ የተወሰኑት ኳስ ሆነው ተገኙ፤ ኳሶቹ በታሰሩበት መቀመጫ ላይ የሚያበራው ቀጭን መስመር ብቻ ነበር። ሁሉንም በብረቱ ቸርኬ ዳዶ ተካሁ፤ ጥርሱንም ቆጥሬ ከ8 ዙር በላይ እንደሚይዝ አረጋገጥኩ። ቀለበቶቹም ከአሉሚኒየም በአንድ አያያዝ ተቆርጠውልኛል። ሞዞው ሲለካ 54.0 ስለነበር ቀለበቱ በዚያው ልክ ተሠርቷል፤ ቸርኬው ሲገባ ድምፅ ሳያሰማ ተንሸራትቶ ነው ቦታውን የያዘው።

አሁን መሪው በ80ም በ90ም ጸጥ ብሏል። ሆኖም 90 አካባቢ ወንበሩ ሥር፣ ከኋላ የሚመጣ የሚመስል ቀለል ያለ ንዝረት ቀርቷል። የኋላዎቹንም በተመሳሳይ መንገድ ጠርጌ አስሬአለሁ። ይህስ ከምን ሊሆን ይችላል?

መላሽ፦ ሸዋ በር፣ ሐረር

በመሪው ላይ ሳይሆን በወንበሩ ሥር መሰማቱ ከኋላ መሆኑን ያመለክታል። መሃሉ ከተስተካከለ በኋላ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቸርኬው ራሱ መጣመሙ ነው። የኋላውን አንድ በኩል በክሪክ ያንሡና ከሥሩ ድንጋይ ወይም ጠንካራ ሳጥን አስጠግተው ጠመኔ ይደግፉበት፤ ጫፉ የቸርኬውን ጠርዝ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ጎማውን በእጅዎ በዝግታ ያዙሩ። ጠመኔው በአንድ ቦታ ብቻ ምልክት ትቶ በሌላው የሚርቅ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። በውጭ ጠርዝ ከፈተሹ በኋላ በውስጥ በኩል መድገምዎን አይርሱ፤ ጉድጓድ የሚያጣምመው ብዙ ጊዜ የማይታየውን የውስጡን ጠርዝ ነው። በብዙ የጥገና መመሪያዎች ለአሎይ የሚፈቀደው መዛነፍ 0.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጎማው ጎን ከቀድሞው 12 ሚሊ ሜትር ስላጠረም ቸርኬው ለጉድጓድ ይበልጥ ተጋልጧል፤ ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ እየለኩ ከተመደበው በታች እንዳይወርድ ቢጠብቁ ይረዳል።

የተጣመመ ካገኙ በእሳት አሙቆ በመዶሻ ለሚያቃና ሰው አይስጡት፤ አሉሚኒየሙ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተደረገለት የሙቀት ሥራ ስለሆነ እሳት ያንን ይፈታዋል። የተበየደ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ይተውት። የእግሮቹ ሥር፣ ማለትም ከመሃል የሚወጡት ክንዶች ከጠርዙ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ታጥቦ ስንጥቅ እንደሌለው ይታይ። ሌላ ቸርኬ ለመተካት ሲፈልጉ ጀርባው ላይ የጃፓኑን የአሎይ ቸርኬ መስፈርት ምልክት፣ ጄ ደብሊው ኤል የሚለውን ይፈልጉ፤ አጠገቡ ቪ አይ ኤ የሚል ካለም በገለልተኛ ወገን የተመዘገበ ፍተሻ አልፏል ማለት ነው።

ጠያቂ፦ ሳቢያን ሰፈር

የቀኝ ኋላው ከውስጥ በኩል ተጣሞ ተገኘ፤ ጠመኔው ከዙሪያው ሩቡን ያህል ብቻ ነው የነካው፤ ስንጥቅ ግን የለውም። ምትክ እስካገኝ ድረስ በእሱ ቦታ የብረቱን ቸርኬ አስሬ ልሂድ ወይስ የተጣመመውን ልጠቀም? የብረቱ ጎማ እስካሁን ስኮርታ ሆኖ ኋላ ተቀምጧል።

መላሽ፦ የመጋላ ቶርኖ ቤት

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ስፋታቸውም ኦፍሴታቸውም እንዳይለያይ የኋላዎቹን ሁለቱንም ብረት ያድርጓቸውና ከሚወጡት ሁለት አሎዮች ጤነኛውን ስኮርታ አድርገው ይያዙት። የጎማዎቹ ቁመት ተቀራራቢ ስለሆነ ፊት አሎይ፣ ኋላ ብረት ሆኖ ለጥቂት ጊዜ መንዳት ይቻላል።

ብረቱን ከማሰርዎ በፊት ግን የኋላዎቹን ቀለበቶች ያውጡ። አሎዩ ሲወልቅ ቀለበቱ አንዳንዴ ቸርኬው ውስጥ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሞዞው ላይ ይቀራል። ሞዞው ላይ ከቀረ 54.1 የሆነው የብረት ቸርኬ ቀለበቱ ላይ ይቀመጥና የሞዞውን ፊት ሳይነካ ይቆማል፤ ዳዶው ግን ጥርስ ስለሚይዝ በጨለማ ለሚያስር ሰው የታሰረ ይመስለዋል። ወደፊትም ደንገጎ ላይ ጎማ ቢፈነዳብዎ በስልክ መብራት ሞዞውን ይመልከቱ፤ ቀለበቱ ካለ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከሁለት በኩል እያፈራረቁ ይፈልቅቁት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ብረቱን ያስሩ። የወጡትን ቀለበቶችም በአንድ ከረጢት አድርገው ከክሪኩ ጋር ያስቀምጧቸው።